የልጅ ልጄ የቀትር ማረፊያ

ግንቦት ስምንት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በልጄ በማኅደር ሆድ ውስጥ የነበረው ሕፃን ወጥቶ በረንዳ ላይ ወዳለው ጀሪካን ገባ። የስድስት ወር ከሁለት ሳምንት ጽንስ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰ።

ይህን የምለው ለማስገረም አይደለም። እኔ ደብሪቱ ወልደሰማያት የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ነገር አያጋንንም፤ ለማጋነን አፍ መክፈት ያስፈልጋል፣ አፍ ከተከፈተ ደግሞ ብርድ ይገባል።

ድሬዳዋ የወረድኩት ለልጄ ወሊድ ነው። እንደ ወጉ ቢሆን የበኩሯን እኔ ቤት መጥታ ነበር የምትወልደው። ሐኪሙ "ረጅም መንገድ አይሆንሽም" ስላላት በሚያዝያ አጋማሽ እኔው ወደሷ ሄድኩ። ሦስት ጋቢ፣ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ጆንያ አሮጌ ጨርቅ ይዤ ነበር። ጨርቁ ለመስኮት ነው።

ስለ መስኮት አንድ ነገር ልናገር። የመጀመሪያ ልጄ የሞተው ክርስትና ሊነሣ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። በበራችን ሥር የምትገባ ቀጭን ነፋስ ነበረች፤ እሷ ገደለችው። ሐኪሞቹ ሌላ ስም ሰጧት። እኔ ግን ነፋሷን አውቃታለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቴ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ የምወደውን ሰው መስኮት ሳልደፍን እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ስለዚህ በደረስኩ ዕለት መስኮቶቹን ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። ሁለቱ ከባድ መኪና ወደሚመላለስበት መንገድ ያያሉ፣ ሦስቱ ወደ ጓሮ። አምስቱንም በጨርቅ ወተፍኳቸው፣ የቀረውን ክፍተት በሊጥ ለሰንኩት። የከሰል ማንደጃውንም ከጓሮ ወደ ቤት አስገባሁ፤ ነፍሰ ጡር ነፋስ የመታው ወጥ አትበላም።

አማቼ ኤርሚያስ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የድሬዳዋ ተወላጅ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የሚለው፤ እኔንም ጨምሮ።

"እማማ፣ ምነው አቦ? እዚህ እኮ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው" አለኝ።

"ዲግሪ አላውቅም። ነፋስ ግን አውቃለሁ።"

የመሣሪያ ሳጥኑን አንሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። አፉ አንቺ ይበለኝ እንጂ ልቡ ሰው አክባሪ ነው። ማኅደርም ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ፈገግ አለችልኝ፣ እኔም ቤቱ ተመቻት ብዬ ደስ አለኝ።

ያን የግንቦት ስምንት ቀን ምሳ በልተን ሁላችንም ጋደም ብለን ነበር። በድሬዳዋ በቀትር ሱቁም፣ ሰዉም፣ ፍየሉም ይተኛል። ስነቃ ማኅደር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ታያለች። ቀሚሱ ሰፍቷት ተንጠልጥሏል።

"ሆድሽ የት ሄደ?" አልኳት።

"እኔ እንጃ እማዬ። አሁን እዚህ ነበር።"

"ደም አየሽ?"

"ምንም። ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ እንዳይቀሰቅሰኝ።"

አልጋው ሥር አየን። ቁም ሳጥኑን ከፈትን። ያገኘው ኤርሚያስ ነው። በረንዳው ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን አለ፤ ድሬዳዋ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው። ሊያነሣው ሲል ከውስጥ መታው። ኤርሚያስ መዳፉን አሳረፈበት፣ ማታ ማታ የሚስቱ ሆድ ላይ እንደሚያደርገው። እንደገና መታው።

"እሱ ነው" አለ። "ይቺ የግራ እግሩ ናት።"

ያን ቀን ከጀሪካኑ ማንም አልጠጣም። ማኅደር አጠገቡ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠችና ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ አባቱ ኩርፊያ አወራችው። ፀሐይ ከበረንዳው ዞር ስትል ቀሚሷ ሞላ። ተነሥታ እራት ሠራች።

እኔ የሰው ዓይን ነው አልኩ። ጎረቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ጠረጠርኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሕፃኑ ግን በማግስቱም ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ፣ በሦስተኛውም ቀን ወጣ። ያኔ ኤርሚያስ ከጤና ጣቢያ ሲስተር ሂንዲያን ይዞ መጣ።

ሲስተር ሂንዲያ አዋላጅ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነጭ ጋውኗ ሁልጊዜ ሰፊ የሆነ ሴት ናት። እኔን "አዴ" ትለኛለች፤ እዚያ አገር እናቱን ለምታህል ሴት ሰው እንዲህ ይላል። ገብታ ጀሪካኑን አየች፣ ተንበረከከች፣ ማዳመጫዋን ጆንያው ላይ አሳርፋ ሰዓቷን ተመለከተች።

"መቶ ሰባ። ልቡ ትንሽ ፈጥኗል" አለች። "ውሃው ሞቆበታል። ጆንያውን አርጥቡለት።"

ኤርሚያስ ጆንያውን አረጠበው። ሂንዲያ ደግማ አዳመጠችና "አሁን ደህና ነው" አለች።

ሕፃኑ እስኪመለስ ጠብቃ የማኅደርን ሆድ ለካችና ደብተሯን አወጣች። የማኅደር ሆድ ካለፈው ወር ወዲህ አንድ ሴንቲ ብቻ ነው የጨመረው፤ አራት መሆን ነበረበት። ቤቱን ዞር ብላ አየች። ከማንደጃው የሚወጣው ጭስ ጣሪያው ሥር ተኝቷል። እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ ሊጡን በጥፍሯ ነካ አደረገችው።

"አዴ፣ ይህን ማን ደፈነው?"

"እኔ ስመጣም የተደፈነ ነበር" አልኩ።

ዋሸሁ። ማኅደር አየችኝ፣ አላጋለጠችኝም።

"ሙቀትና ጭስ በበዛበት ቤት ሕፃን ያለ ጊዜው ይወለዳል" አለች ሂንዲያ። "ወይም ኪሎው ያንሳል። እናትየውም ደም ግፊቷ ይወጣል። አንዳንዱ ሕፃን ደግሞ እንዲህ ለቀን ወጣ ይላል። ዋናው ነገር መመለሱ ነው።"

"የማይመለስ አለ?" አላት ኤርሚያስ።

"አለ" አለችው።

ከሰሉን ከቤት አውጡ፤ የመንገዱ ጎን መስኮቶች ለመኪናው ጭስ ሲባል ይዘጉ፤ የጓሮዎቹ ግን ከንጋት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይከፈቱ፣ ከዚያ በእርጥብ አንሶላ ይሸፈኑ፤ ውሃ ብዙ ትጠጣ። ይህን ብላ ሄደች። እኔ ከሰሉን አወጣሁ። ጨርቁን አልነካሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀት ይዤ ባላውቅም ጨርቅ ይዤ ነበር።

ኤርሚያስ ከሱቁ ትልቅ ፍሪጅ አመጣ። ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ጠገነው፣ በሳሙና አጠበው፣ ውስጡ ትንሽ ፎጣ አነጠፈ። በስድስት ሰዓት በሩን ከፍቶ "ግባ የኔ ወንድም" አለው። ሕፃኑ ገባ። ሃያ ደቂቃ እንደቆየ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ከውስጥ ማላብ ሲጀምር ሕፃኑ ወጣ፣ ከዚያ በኋላም አባቱ የጠገነውን ነገር አላመነም። ኤርሚያስ በዚህ በጣም አዘነ። ፎጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ መራቅ ጀመረ። ግንቦት አሥራ ስድስት ከሦስት ቤት በኋላ ያለ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዋለ። ግንቦት ሃያ አንድ በባቡር ጣቢያው በኩል ያለ አሮጌ የድንጋይ መጋዘን ገባ። ኤርሚያስ በባጃጅ እየተከተለ፣ የገባበት በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቆማል። የሚመለሱበትም ሰዓት እየገፋ ሄደ፤ አስራ አንድ የነበረው አስራ ሁለት፣ ከዚያ አስራ ሁለት ተኩል ሆነ።

"ሲገባ እግሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይለኛል" አለችኝ ማኅደር። "ግን እየቀለለ ነው እማዬ። ትናንት ከመቅለሉ የተነሣ መግባቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።"

ግንቦት ሃያ ስድስት ቀን ኤርሚያስ አጣው። መጋዘኑ ውስጥ የለም፣ ጉድጓዱ ውስጥ የለም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ ሂንዲያም ከሥራ ወጥታ በየሰፈሩ ጀሪካን እያዳመጠች ነበር። ቤት ውስጥ ማኅደርና እኔ ብቻ ቀረን። እሷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ" አለችኝ። "አሁን ቢመጣ በየት ይገባል?"

ዞሬ አየሁ። አምስቱም መስኮት ተደፍኗል። ከበሩ ሥር እንኳ ጋቢዬን አጥፌ አስገብቻለሁ። በዚህ ቤት ነፍስ ያለው ነገር የሚገባበት አንዲት ቀዳዳ አልተውኩም።

"እኔ ነኝ የደፈንኩት" አልኩ።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"የወንድሜን ነገር ከሰው ስለሰማሁ ነው" አለች። "እንዴት ብዬ ተይ ልበልሽ?"

ቢላ አነሣሁ። ሊጡ ድንጋይ ሆኗል። በቢላው ፈለጥኩት፣ ጨርቁን እየጎተትኩ ጣልኩት። የባሌ ሸሚዝ ነበረበት፣ የማኅደር የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበረበት። የጓሮዎቹን ሦስቱንም ከፈትኩ። የማታው ነፋስ ገባ። መጋረጃውን አነሣ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ አነሣ፣ የማኅደርን ፀጉር አነሣ። ማንንም አልገደለም።

ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነፋሱ ሲመታኝ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይቆረጥመኝ ጀመር። አርባ አንድ ዓመት ውስጤ የተኛው የደብረ ብርሃን ብርድ ነቅቶ ከጉልበቴ ወደ ወገቤ፣ ከወገቤ ወደ ሆዴ ወጣ። ከዚያ ቀሚሴ ጠበበኝ። አንድ ነገር ከግራ ጎኔ መታኝ።

"ማኅደር" አልኩ። "ነይ እስቲ እጅሽን ስጪኝ።"

እጇን ሆዴ ላይ አስቀመጠች። እንደገና መታኝ።

"እሱ ነው" አለች። "ኧረ እማዬ! እሱ ነው!"

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ሰዓት ያህል እኔ ዘንድ አረፈ፣ ከዚያ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወደ እናቱ ተሻገረ። እየሮጠች የመጣችው ሂንዲያ እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እጇን ጉልበቴ ላይ ጫነች። መዳፏን ቶሎ አነሣችና እፍ እፍ አለችው፤ ቀዝቅዟታል።

"አዴ፣ ከነገ ጀምሮ በስድስት ሰዓት የትም እንዳትሄጂ" አለችኝ።

የትም አልሄድኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕፃኑ የቀን ማረፊያ እኔ ሆንኩ። በስድስት ሰዓት እኔና ማኅደር ጎን ለጎን እንጋደማለን፤ እሱ ከሷ ወደኔ ይሻገራል። በአስራ አንድ ሰዓት ይመለሳል። በየጠዋቱ ጎህ ሲቀድ የጓሮውን መስኮቶች የምከፍተው እኔ ነኝ፣ አንሶላውን አርጥቤ የምሰቅለውም እኔ ነኝ። ማኅደር በቀትር እንቅልፍ አገኘች፣ እግሯ ያበጠው ጎደለ፣ ደም ግፊቷ ወረደ። በየሳምንቱ ሂንዲያ ሁለታችንንም ትለካለች፣ ሁለቱንም ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አንድ ሴንቲ፣ ከዚያ አንድ ሴንቲ፣ ከዚያ አንድ ተኩል።

ነገሩ ያለ ችግር አልነበረም። በሰኔ ጾም መካከል ጥሬ ሥጋ አማረኝ። ቄስ ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው? ማኅደር ሳቀችብኝና ሽሮ ሠራችልኝ። ኤርሚያስ ደግሞ የልጁን ምት ለመስማት የአማቱን ሆድ መንካት ነውር ሆኖበት፣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን "እንዴት ዋላችሁ?" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንቺ ወጣ፤ ቢሆንም ሁለታችንን ማለቱ እንጂ እኔን ማክበሩ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ቀትሩን እናፍቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራዬን ቶሎ እጨርስና ስድስት ሰዓትን እጠብቃለሁ። ሲመጣ የቆየ እንግዳ እንደሆነ ሁሉ ቦታውን ያውቃል፤ ጀርባውን ወደ ቀዝቃዛው ጎኔ ሰጥቶ ይተኛል። ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ እነግረዋለሁ። ስለ ሞተው አጎቱም ነገርኩት። ያንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማኅደርን ምጥ ያዛት። ምጡ የመጣው ለሷ ነው። ልጁ ያለው እኔ ጋ ነው።

ሂንዲያ ደርሳ እጇን ታጠበች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ሁለታችንንም ተመለከተች።

"አዴ፣ ልጁን መልሺ" አለችኝ።

"እንዴት አድርጌ?"

"ሙቂ።"

ገባኝ። ሦስቱን ጋቢ አመጣሁ። አንዱን ለበስኩ፣ ሁለተኛውን ደረብኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ያለበት ቦታ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ኤርሚያስ የፈላ የአጃ ሾርባ ሰጠኝ፣ በርበሬ አስጨመርኩበትና ጠጣሁት። ከውስጥ ማኅደር ትጮሃለች። ልጁ አልሄደም። የጎድን አጥንቴን እንደ በር እጀታ ያዘው።

"ሂድ የኔ ጌታ" አልኩት። "የናትህ ቤት ቀዝቅዟል። መስኮቱን እኔ ራሴ ከፍቼዋለሁ።"

አልለቀቀም። እኔም፣ እግዜር ያውቃል፣ በልቤ እንዲለቅ አልፈለግሁም። አንድ ልጅ ከእጄ የሄደበትን ቀን አስታውሳለሁና ሌላውን በገዛ እጄ መሸኘት አቃተኝ። ማኅደር እንደገና ጮኸች፣ ይህ ጩኸት ከፊተኞቹ የባሰ ነበር። ልጄ ናት። ሦስተኛውን ጋቢ ራሴ ላይ ተከናነብኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ደረቴ ተቃጠለ፣ ጉልበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ። ከዚያ የያዘኝ ነገር ላላ፣ ጣት በጣት ለቀቀኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከውስጥ አለቀሰ። ሂንዲያ በመስኮቱ በኩል "ወንድ! ሦስት ኪሎ ከመቶ!" አለችን። ኤርሚያስ ፎጣውን ከኪሱ አውጥቶ ሮጠ። እኔ እልልታዬን ከጋቢው ውስጥ አቀለጥኩት፣ ከዚያም ሆዴን ዳብሼ ባዶ መሆኑን አየሁና ትንሽ ተቀመጥኩ።

በስድስተኛው ቀን ሰው ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሲስተር ሂንዲያ ብቻዋን መጣች። ማኅደርን ሳመች። ሕፃኑን አየች። ከዚያ በሩ ጋ ቆማ ቀረች። ጋውኗ ከፊቱ ተንጠልጥሏል።

"አዴ" አለችኝ። "እዚህ መጥቶ ይሆን?"

"ማን?"

"የኔ። የአምስት ወር ነው።"

ለማንም አልተናገረችም ነበር። ቀኑን ሙሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆማ የሰው ልጅ ትለካለች እንጂ የሷን የሚለካላት አልነበረም። እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። የለመድኩት ዓይነት አይደለም፤ ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ገና ቦታውን የሚፈትሽ ነገር ነው።

"ካንቺ ቀድሞ ደርሷል" አልኳት። "ተኚ።"

ምንጣፍ አነጠፍኩላት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኛች። በማግስቱ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት የምትሠራዋ መጣች። ከዚያ መንገድ ዳር የሙዝ ንግድ ያላት፣ ከዚያ መንታ ያረገዘችው የባጃጅ ነጂ ሚስት። ማንም አልጠራቸውም። በሩን ማንኳኳት ትተው በጓሮው በኩል ይገባሉ። ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ አስቤ ነበር፤ ግን ለወንድሜ ደውዬ የዚያውን ቤቴን ለሰው አከራይልኝ አልኩት።

ዛሬ ነሐሴ ሃያ ሁለት ነው። ከነመንታዋ እናት ስምንት ሴቶች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፣ ቀሚሶቻቸው ከፊት ጠፍጣፋ ናቸው። የጓሮው መስኮት ላይ እርጥቡ አንሶላ ይነፋል፣ ይወርዳል። ማኅደር ተኝታለች። የልጅ ልጄ ብቻ ነቅቷል፤ እናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ሆዴን ትክ ብሎ ያያል። አሁን ከውስጥ አንዱ አነጠሰ።

"ይማርህ" አልኩት።

ከሆዴ ዘጠኝ ድምፅ ባንድ ላይ "ያኑርሽ" አለኝ።